የበረራ ርቀትና ሰዓት ማስያ፦ የሥራ ማስታወሻ

ዕቅዱ

ሁለት ከተማ ይገባል፤ ርቀቱ በኪሎ ሜትር፣ የበረራው ጊዜ በሰዓትና በደቂቃ ይወጣል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይጻፋል፣ ዳታው ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። የአየር መንገዶችን የበረራ ፕሮግራም የሚሸጡ ኤፒአዮችን (አንድ ፕሮግራም ከሌላው በኢንተርኔት ዳታ የሚጠይቅባቸውን አገልግሎቶች) አይቼ ነበር። ክፍያቸው በጥያቄ ብዛት ስለሆነ ገና በሙከራ ላይ ላለ ሥራ አያዋጣም። ደግሞ የተዘጋጀውን ሰዓት ከሌላ ቦታ ከቀዳሁ ማስያነቱ የት ላይ ነው? ስለዚህ ከኪስ የሚወጣ ነገር የለም፤ ወጪው ጊዜ ነው። ርቀቱ እንኳን ዕዳው ገብስ ነው።

ደረጃ 1፦ ርቀት በሃቨርሳይን

ሃቨርሳይን ምድርን ፍጹም ሉል አድርጎ የሚያስብ ቀመር ነው። የሁለቱን ነጥቦች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስድና በሉሉ ገጽ ላይ ያለውን አጭሩን መስመር ይሰጣል፤ ግሬት ሰርክል የሚባለውን። የምድር ራዲየስ 6371 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይገባል። ኮዱ ከአሥር መስመር አይበልጥም። የፓይተን ሳይንና ኮሳይን የሚቀበሉት ራዲያን የሚባለውን ሌላ የማዕዘን መለኪያ ስለሆነ ዲግሪውን አስቀድሞ መቀየር የግድ ነው፤ ካልተቀየረ የሚወጣው ቁጥር ወሬ ነው።

መሞከሪያ፦ ከለንደን ሂትሮው (51.4700 ሰሜን፣ 0.4543 ምዕራብ) ወደ ኒውዮርክ ጄ ኤፍ ኬ (40.6398 ሰሜን፣ 73.7789 ምዕራብ)። ውጤቱ 5600 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። በየቦታው ከሚጻፈው ጋር ይቀራረባል፣ የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። መስመሩን ካርታ ላይ ሳስቀምጠው ግን ከለንደን ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ሄደና ኪርጊዝስታን ውስጥ፣ ከኦሽ ከተማ አለፍ ብሎ ቆመ። የምዕራብ ኬንትሮስ ላይ የመቀነስ ምልክት አልገባም፤ 73.7789 ምሥራቅ ተብሎ ተነቧል።

ቁጥሩ ለምን አላስታወቀም? ለንደን ከዜሮ ኬንትሮስ አጠገብ ስለተቀመጠች ነው። 73 ዲግሪ ወደ ቀኝ ሄድክ ወደ ግራ፣ ርቀቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሲስተካከል ውጤቱ 5540 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከአንድ ውቅያኖስ ማዶ ወደ ሌላ አህጉር የወሰደ ስህተት ቁጥሩን የለወጠው በ60 ኪሎ ሜትር ብቻ! በየመማሪያው የመጀመሪያው ምሳሌ ለንደን መሆኗ ለዚህ ዓይነት ስህተት መደበቂያ ነው። ከዚህ በኋላ መሞከሪያዬ ቶኪዮ፣ ሳንቲያጎና ሲድኒ ሆኑ፤ አራቱንም አቅጣጫ ይነካሉ።

ሌላው ወጥመድ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ፋይል ኬክሮስን ያስቀድማል፣ ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ ዳታ አጻጻፍ ደግሞ ኬንትሮስን። ኬክሮስ ከ90 በላይ ከሆነ ፕሮግራሙ እንዲቆም አደረግሁ። የቶኪዮ ኬንትሮስ 139 በኬክሮስ ቦታ ቢገባ ወዲያው ይያዛል፤ የኒውዮርክ 73 ግን ከ90 በታች ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል። ለእሱ የሚበጀው ካርታ ላይ አስቀምጦ በዓይን ማየት ነው።

ደረጃ 2፦ ምድር ሉል አይደለችም

ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለው ሞዴል የምድርን ራዲየስ በምድር ወገብ ላይ 6378.137 ኪሎ ሜትር፣ በዋልታዎቹ 6356.752 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል። ልዩነቱ 21 ኪሎ ሜትር ነው። በሉሉ ሞዴል አንድ ዲግሪ ኬክሮስ የትም ቦታ 111.195 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእውነተኛው ቅርጽ ግን ከምድር ወገብ አጠገብ 110.574፣ ከዋልታው አጠገብ 111.694 ይሆናል። ስለዚህ ሃቨርሳይን አንዱ ጋ ያስረዝማል፣ ሌላው ጋ ያሳጥራል። በአንድ ማስተካከያ ቁጥር አባዝቼ ልገላገል ብል አይሆንም ማለት ነው።

በዚህ በኩል ሁለት የታወቁ ስሌቶች አሉ። የቪንሰንቲ (እ.ኤ.አ. 1975) ፈጣንና ትክክለኛ ነው፤ ሁለቱ ነጥቦች በምድር ተቃራኒ ጎኖች ሲሆኑ ግን እየዞረ መልሱ ላይ አይደርስም። የካርኒ (እ.ኤ.አ. 2013) ሁሉንም ይፈታል። ጂኦፓይ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ የኋለኛውን ስለሚጠቀም ራሴ መጻፍ አላስፈለገኝም። ሃቨርሳይንም ቢሆን በተቃራኒ ጎኖች ላይ ይቸገራል፦ በማጠጋጋት ምክንያት ከሥሩ የሚወጣው ቁጥር ከ1 በጥቂቱ ይበልጥና አርክሳይኑ አልቀበልም ይላል። ቁጥሩ ከ1 እንዳያልፍ መገደብ ይበቃዋል።

አዲሱ ውጤት፦ ለንደን–ኒውዮርክ 5554 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሃቨርሳይኑ በ14 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በጄት ፍጥነት ያ የአንድ ደቂቃ መንገድ ነው። አውሮፕላኑ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚበር ቅስቱ ራሱ ትንሽ ይረዝማል፤ ሠርቼ ሳየው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ያንን ማንም አይቆጥረውም፣ እኔም ተውኩት።

ለማነጻጸር የተለያዩ ምንጮችን ስከፍት አንዱ 3451 ማይል፣ ሌላው 3000 ማይል ገደማ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የየብስ ማይል ነው፣ 1609.344 ሜትር። ሁለተኛው ኖቲካል ማይል ነው፣ 1852 ሜትር። አቪዬሽን የሚጠቀመው ኖቲካሉን ነው። በኮዱ ውስጥ ሁሉም ነገር በሜትር ይቀመጣል፤ ወደ ሌላ መለኪያ የሚቀየረው ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ የትኛው ለንደን? የትኛው ኤርፖርት?

የኤርፖርቶቹን ዝርዝር የወሰድኩት አወርኤርፖርትስ ከሚባለው፣ ለሕዝብ በነጻ ከተለቀቀው ዳታ ነው። በሲኤስቪ፣ ዓምዶቹ በኮማ በተለያዩ የሠንጠረዥ ፋይል፣ ይወርዳል። ውስጡ የሄሊኮፕተር ማረፊያ፣ የባሕር አውሮፕላን ጣቢያ፣ የተዘጋ ኤርፖርት ሁሉ አለ። መደበኛ በረራ አለው የሚል ዓምድ ስላለው በእሱ ማጣራት ነው።

ከዚያ ስሞቹ መጡ። ለንደን ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን፣ ሲቲና ሳውዝኤንድ አሏት። ኒውዮርክ ጄ ኤፍ ኬ፣ ላጓርዲያና በጎረቤት ግዛት ያለው ኒውዋርክ። ቶኪዮ ውስጥ ሃኔዳ ከተማው ጫፍ ላይ ሲሆን ናሪታ ከመሀል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የከተማውን መሀል ይዞ ማስላት ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ግን ማንም ከመሀል ከተማ አይነሳም። ስለዚህ ስሌቱ ከኤርፖርት ኤርፖርት ሆነ፤ ከተማ ብቻ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ይጠይቃል።

ተመሳሳይ ስሞችም አሉ፦ ሲድኒ አውስትራሊያ ውስጥም ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥም አለች፤ በርሚንግሃም እንግሊዝም አላባማም፤ ሳን ሆሴ ካሊፎርኒያም ኮስታ ሪካም። አገሩ ከስሙ ጎን ካልታየ ተጠቃሚው የትኛውን እንደመረጠ አያውቅም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረ። ሃቫና፣ ሀቫና፣ ሐቫና ሦስቱም አንድ ከተማ ላይ መድረስ አለባቸው። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ ከነቤተሰባቸው መለስኳቸው። ሃንም ወደ ሀ። ፍራንክፈርትና ፍራንክፉርት በዚህ አይፈቱም፤ ለእነሱ በእጅ የተሞላ የአማራጭ ስሞች ሠንጠረዥ ገባ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ያለ እሱ ፍለጋው የለም ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱ

መጀመሪያ በቀላሉ ርቀትን ለ900 ማካፈል። ለንደን–ኒውዮርክ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። የታተሙ ፕሮግራሞች ወደ ኒውዮርክ ሲሄዱ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ሲመለሱ 7 ሰዓት አካባቢ ያሳያሉ። ለንደን ሂትሮው–ፓሪስ ሻርል ደ ጎል 348 ኪሎ ሜትር ነው፤ በማካፈል 23 ደቂቃ ይወጣል፣ የታተመው የበረራ ፕሮግራም ላይ ግን ከ1 ሰዓት ከሩብ አያንስም። አጭሩ በረራ ላይ ስህተቱ ሦስት እጥፍ ነው።

ምክንያቱ ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት አየር ላይ የሚቆየውን አይደለም። ብሎክ ታይም ይባላል፦ አውሮፕላኑ ከቆመበት በር መንቀሳቀስ ከጀመረበት እስከ መድረሻው በር እስኪቆም ያለው ነው። ወደ ማኮብኮቢያው መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ ካረፉ በኋላ እስከ በሩ መጓዝ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። አየር ላይም ቢሆን ሙሉ ፍጥነቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከ10 ሺህ ጫማ በታች የተለመደው ገደብ 250 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት) ነው፣ በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር። ለመውረድ አብራሪዎች በአእምሮ የሚያሰሉት ለእያንዳንዱ 1000 ጫማ 3 ኖቲካል ማይል ነው፤ ከ36 ሺህ ጫማ ሲሆን 108 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 200 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ከፍታ ለመውረድ ብቻ የፓሪሱ መንገድ ከግማሽ በላይ ያልቃል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ በረራ መውጣትና መውረድ እንጂ ክሩዝ፣ በአንድ ከፍታ ላይ ረግቶ መብረር፣ የለውም ማለት ይቻላል።

የታተሙ ሰዓቶችን በእጅ ሰብስቤ ከርቀት ጋር በግራፍ ሳስቀምጣቸው ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ ከዜሮ ግን አይነሳም። ጊዜ ማለት ቋሚ ደቂቃ ሲደመር ርቀት ሲካፈል ለፍጥነት ነው። በ45 ደቂቃና በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ሳስቀምጠው ፓሪስ 1 ሰዓት ከ10 ወጣ። ከዓለም ረጅሙ ከሚባለው መደበኛ በረራ፣ ከሲንጋፖር–ኒውዮርክ ጄ ኤፍ ኬ (15,349 ኪሎ ሜትር)፣ 18 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። በታተመው የበረራ ፕሮግራም ላይ ያለውም 18 ሰዓት ከ40 እና 50 መካከል ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ ይዞ ከ300 እስከ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር መሄዱ ከጠበቅሁት በላይ ነው።

ቀመሩን ለማፍረስ ከስኮትላንድ ሰሜን ያሉትን የኦርክኒ ደሴቶች ሞከርኩ። ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓለማችን አጭሩ መደበኛ በረራ፣ 2 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ። የእኔው ማስያ 45 ደቂቃ አለ። ለትንንሽ አውሮፕላኖች ቋሚውን ዝቅ ማድረግ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ሰዓት እንዳይሰጥ አደረግሁት። የማያውቀውን ከመቀባጠር ዝም ቢል ይሻላል።

ፍጥነቱም አንድ መሆን የለበትም። ጄቶች የሚበሩት በማክ ቁጥር፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት አንጻር በሚለካ ፍጥነት ነው። ከ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መደበኛው ሙቀት ከዜሮ በታች 56.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ የድምፅ ፍጥነት በሰዓት 1062 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቦይንግ 737 እና የኤርባስ ኤ320 አውሮፕላኖች ማክ 0.78 አካባቢ ይበራሉ፣ 828 ኪሎ ሜትር በሰዓት። 787 እና ኤ350 በማክ 0.85፣ 903 ኪሎ ሜትር። ኤቲአር 72 ባለ ፕሮፔለሩ ደግሞ 500 ገደማ። ፕሮግራሙ በርቀት ይመርጥ ብዬ ድንበሩን 4000 ኪሎ ሜትር ላይ አደረግሁት፤ ተጠቃሚው የአውሮፕላኑን ዓይነት ካወቀ ራሱ መቀየር ይችላል።

ደረጃ 5፦ ነፋስ

ከላይ ያለው ቀመር መሄጃውንና መመለሻውን እኩል ያደርጋል። በሰሜን አትላንቲክ ግን የአንድ ሰዓት ያህል ልዩነት አለ። ጄት ስትሪም የሚባለው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ የአየር ጅረት ነው፤ አውሮፕላኖቹ የሚበሩበት ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በብርድ ወራት ይበረታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 በማዕበል ጊዜ ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ከመሬት ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት ከ1300 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ይሁንና የድምፅን ፍጥነት አልጣሰም። ወንዝ ይዞት እንደሚወርድ ዋናተኛ ነው፤ ውኃው ውስጥ የሚዋኘው በለመደው ፍጥነት ነው።

ነፋሱ ሲሄዱ ቢጎዳም ሲመለሱ ይክሳል፣ ስለዚህ አማካዩ ያው ነው የሚል ሐሳብ ነበረ። ቁጥሩን አስገብቼ አየሁት። ርቀት 5554፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት 900፣ ነፋስ 100። ከነፋሱ ጋር 5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ፣ በነፋሱ ላይ 6 ሰዓት ከ57 ደቂቃ፤ ድምር 12 ሰዓት ከ30። ነፋስ ባይኖር 12 ሰዓት ከ21 ገደማ ነበር። የፊት ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ጊዜ ከኋላ ነፋሱ ስለሚረዝም ኪሳራው አይካካስም። ስለዚህ መሄጃና መመለሻ ለየብቻ ይሰላሉ፣ አማካይ የሚባል ነገር ከኮዱ ወጣ።

ቀጥሎ አቅጣጫው። ከሂትሮው ወደ ጄ ኤፍ ኬ የሚሄደው ግሬት ሰርክል ሲነሳ 288 ዲግሪ ያሳያል፣ ሲደርስ 231 ዲግሪ። አንድ አቅጣጫ ይዞ ነፋስን መደመር አይሠራም። መንገዱን በየ200 ኪሎ ሜትሩ ቆርጬ በየቁራጩ ነፋሱን በሁለት ከፈልኩት፦ በመንገዱ የሚሄደውንና በጎን የሚገፋውን። የጎን ነፋስም ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ስለሚሄድ ከፍጥነቱ የተወሰነው ለማረሚያ ይሄዳል።

የነፋሱ ዳታ ከየት? ያለፉ ዓመታት የአየር ሁኔታ መዛግብት በነጻ ይገኛሉ፤ ሲወርዱ ግን የሚበሉት ቦታ የላፕቶፑን ዲስክ የሚጨርስ ነው። ለጊዜው በኬክሮስ ቀበቶና በወር የተከፈለ ትንሽ ሠንጠረዥ ገብቷል። ሻካራ ነው። ቢሆንም ለንደን–ኒውዮርክ መሄጃው ከመመለሻው እንዲረዝም አድርጓል፤ ከዚህ በፊት ወይ ፍንክች ያለው ነገር እሱ ነበር።

በካርታ ላይ አጭሩ፣ በሰማይ ላይ የተዘጋው

ሄልሲንኪ–ቶኪዮ ናሪታ በሃቨርሳይን 7830 ኪሎ ሜትር ነው። ማስያው 9 ሰዓት ከምናምን ይላል፤ ከእ.ኤ.አ. 2022 በፊት ቢሆን ልክ ነበር። የሩሲያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች ከተዘጋ ወዲህ ግን በረራው ወደ 13 ሰዓት ገደማ ወጥቷል፤ ከቶኪዮ ሲመለሱ በአላስካ በኩል፣ በሰሜን ዋልታ ላይ የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያውቅ ቀመር የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር በእጅ የሚሞላ የመሸጋገሪያ ነጥቦች ዝርዝር አበጀሁ፤ ርቀቱ በነጥቦቹ መካከል እየተሰላ ይደመራል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም ይታያሉ፦ አጭሩ መስመርና የሚበረረው።

ካርታው ላይ ሌላ ነገርም ብቅ አለ። ፓስፊክን የሚያቋርጥ መስመር 180 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ካርታውን ከዳር እስከ ዳር በአግድም ይሰነጥቀዋል። እዚያ ላይ መስመሩን ለሁለት መቁረጥ ነው፤ በቀላሉ አለቀ።

የመድረሻ ሰዓት

የበረራው ጊዜ ከታወቀ በኋላ ስንት ሰዓት ይደረሳል የሚለው መደመር ብቻ ይመስላል። ከቶኪዮ 22:00 ተነስቶ 7 ሰዓት በርሮ ሆኖሉሉ ሲደርስ እዚያ በዚያው ቀን 10:00 ነው። ማስያው በረራው ከዜሮ በታች 12 ሰዓት ፈጀ አለ። የአገር ሰዓትን ከአገር ሰዓት መቀነስ አይቻልም፤ ሁሉም ወደ ዩቲሲ፣ ወደ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ይቀየራል፣ ስሌቱ እዚያ ያልቃል፣ ለማሳየት ብቻ ወደ አገር ሰዓት ይመለሳል።

ልዩነቱን እንደ ሙሉ ቁጥር ማስቀመጥም አይሆንም። ሕንድ ከዩቲሲ በ5 ሰዓት ከ30 ትቀድማለች፣ ኔፓል በ5 ሰዓት ከ45። ቋሚ አድርጎ መጻፍም አይሆንም፤ አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት የለንደንና የኒውዮርክ ልዩነት ከ5 ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ሳሞአ ደግሞ የቀን መስመሩን ተሻግራ ዲሴምበር 30 ቀን 2011ን ጨርሶ ዘላዋለች። ይህን ሁሉ የሚይዘው አያና (IANA) የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው የሰዓት ቀጠና ዳታቤዝ ነው፤ ፓይተን ከ3.9 ጀምሮ ዞንኢንፎ በሚባለው ሞጁል ያነበዋል። ዳታቤዙ በየጊዜው ስለሚታደስ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መታደስ አለበት።

አሁን ያለበት

ውጤቱ አንድ ቁጥር መሆኑ ቀርቷል። ርቀቱ እስከ ኪሎ ሜትር ድረስ ይጻፋል፣ ሰዓቱ ግን እንደ «ከ7 ሰዓት ከ30 እስከ 8 ሰዓት» ሆኖ ይወጣል፤ ክፍተቱ በብርድ ወራትና በረጅም መስመር ይሰፋል። 7 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ብሎ መጻፍ ያምራል፣ ግን ሦስቱን ደቂቃ የሚያውቅ ነገር ኮዱ ውስጥ የለም።

የቀሩት ሥራዎች፦ የነፋሱን ሠንጠረዥ በተሻለ መተካት፣ ቋሚውን 45 ደቂቃ በኤርፖርቱ ስፋትና መጨናነቅ መለየት፣ ከዚያ ትራንዚት። ሁለት በረራና በመካከሉ የሚጠበቅ ሰዓት ሲደመር የመጀመሪያው በረራ ክፍተት ሁለተኛውን ሊያስመልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ዝቅተኛውን ከዝቅተኛው፣ ከፍተኛውን ከከፍተኛው ጋር መደመር አይበቃውም። በሚቀጥለው የምጀምረው ከዚያ ነው።